እስከየት ድረስ ታውቃለህ?

ደሴ ውስጥ መንገድ ጠይቆ "አላውቅም" የተባለ ሰው ካለ እስቲ ይንገረኝ። እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። የምትጠይቀው ሰው ራሱ ትናንት ከወልዲያ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የሰፈሩን ስም ሰምቶት የማያውቅም ሊሆን ይችላል። ግን እጁን ወደ ጦሳ ተራራ ዘርግቶ "ትንሽ እልፍ በልና እዛ ጋ ጠይቅ" ይልሃል። ክፋት የለውም እኮ፤ ጠያቂን ባዶውን መሸኘት ነውር ሆኖበት ነው። አንተም አመስግነህ ዳገቱን ትወጣለህ፣ ከዚያ ተመልሰህ ትወርዳለህ።

መንገድስ ይሁን፣ ቢበዛ እግር ነው የሚደክመው። ነገር ግን ይሄ ልማድ ከመንገድ ያልፋል። ከፒያሳ ሰኞ ገበያ እስክትደርስ ባጃጅ ውስጥ የዶላር ጉዳይ ይፈታል፣ የዘንድሮ ክረምት ይተነበያል፣ የጎረቤት ልጅ በሽታ ስሙም መድኃኒቱም ይታወቃል። ሾፌሩ ያውቃል። ከጎኑ የተቀመጠው ያውቃል። ከኋላ ያሉት ደግሞ "አይደለም፣ እኔ ልንገርህ" ይላሉ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስለ ዝናብ ሲወራ ዝም ካልኩ "አንተስ ምን ትላለህ?" መባሌ አይቀርም። "እዚህ ድረስ ይታወቃል፣ ከዚህ በላይ አይታወቅም" ስላቸው ፊታቸው ላይ የማነበው "ታዲያ ምን ተማርክ?" የሚል ነው።

"ሰው ሁሉን አያውቅም፣ ትሑት እንሁን" የሚለውን ምክር ሁላችንም ጠግበነዋል፤ አልደግመውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። አለማወቅን ማመን ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው እስከየት እንደምናውቅ መናገር መቻል ነው፣ ያላወቅነውንም ለምን እንዳላወቅነው። ሊታወቅ ስለማይችል ነው? ገና ስላልተደረሰበት ነው? ወይስ ማወቅ ስላልተፈለገ? እነዚህ ሦስቱ ሲደባለቁ ሰው ይጎዳል። እዚህ ወሎ ደግሞ ሰው አልቋል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ግን አዋቂ የሚባሉትን እንይ። በዚሁ አገር፣ በእውቀታቸው የተከበሩት ሰዎች ልማድ ከባጃጁ ጨዋታ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። አንድ ሰው የውርስ ጥያቄ ይዞ ሸህ ዘንድ ይሄዳል። ሸሁ ያዳምጣሉ፣ ደግመው ይጠይቃሉ፣ ኪታቡን ያገላብጣሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። መልሱን ከሰጡ በኋላ ደግሞ "ወላሁ አዕለም" ብለው ይዘጋሉ፣ የበለጠ የሚያውቀው አላህ ነው እንደማለት። ልብ በሉ፣ ይህን የሚሉት መልስ ላለመስጠት አይደለም። መልሱን ሰጥተዋል፣ ሰውየው ይዞት ሄዶ መሬቱን ይካፈልበታል። የራሳቸው እውቀት የሚያልቅበትን ቦታ ነው የጠቆሙት።

ከቃሉም በላይ አሠራሩ ይገርመኛል። የድሮ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ አንድ ሸህ ጋ ተቀምጦ ሁሉን አይጨርስም ነበር። ፊቅሁን፣ ሕጉን ማለት ነው፣ ከአንዱ ይቀራና ናህው፣ የዓረብኛውን ሰዋስው፣ ለመቅራት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ እነ ዳና፣ እነ ገታ የሚባሉት የትምህርት ቦታዎች ስማቸው የገነነው ደረሳ ከየአገሩ ስንቁን ይዞ ይመጣባቸው ስለነበረ ነው። የቤተ ክርስቲያኑም ትምህርት እንደዚያው ነው። ቅኔ የፈለገ ዋድላ ይወርዳል፣ ቅዳሴ ማስመስከር፣ ተፈትኖ ማወቁን ማረጋገጥ፣ የፈለገ ሰለልኩላ ይሄዳል፣ ድጓ፣ የዜማው ትምህርት፣ ከሆነ ደግሞ አባይን ባይሻገርም ጋይንት ቤተልሔም ድረስ በእግሩ ይኳትናል። የቅኔው መምህር "ድጓ ልማር" ብትላቸው "እኔ ጋ ተቀመጥ፣ ምን አለበት" አይሉህም። እዚያ ሂድ ይሉሃል። መምህሩ በጠባያቸው ትሑት ይሁኑ ኩሩ፣ ሥርዓቱ ራሱ ድንበራቸውን አስምሮባቸዋል። ዛሬ እኛ ጋ የጠፋው ይሄ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው በኢኮኖሚ ዲግሪ ይይዝና ስለ ኩላሊት በቲክቶክ ያስተምራል። ማንም "የት አስመሰከርክ?" አይለውም።

ወደ ዝናብ ልምጣ፣ የምወደው ርዕስ ነው።

አጎቴ ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ ሐርቡ አካባቢ ያርሳሉ። አንድ ሚያዝያ ላይ ሄጄ "ጋሼ፣ የዘንድሮን ዝናብ እንዴት አዩት?" አልኳቸው። "እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አላህ ያውቃል" አሉኝ። እዚህ ላይ የቆመ ሰው ገበሬው ዕጣ ፈንታውን ለሰማይ ትቶ ቁጭ ያለ ይመስለዋል። ግን ቡናው ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ብቻ ጠብቁ። በልጉ ከጣለ ያን ረጅም ጊዜ የሚፈጀውን ማሽላ አሁኑኑ ይዘራሉ፣ ምርቱም አገዳውም ከሁሉ ይበልጣልና። በልጉ ከቀረ ማሽላውን ትተው ክረምቱን ይጠብቁና ጤፍ ይዘራሉ። ክረምቱም ከዘገየ ማሾ አለ፣ ቶሎ ይደርሳል። እሱም ካልሆነ መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይሞከራል። ታችኛውን ማሳና ላይኛውን ማሳ አንድ ቀን አይዘሯቸውም። የማሽላ ዘራቸውን በሙሉም አያወጡም፤ የበቀለው ቢደርቅ የሚደግሙበት ይቀመጣል። "አላህ ያውቃል" ከሚለው በስተጀርባ ይሄ ሁሉ አለ። ጋሼ ዝናቡን እንደማያውቁት እርግጠኛ ስለሆኑ ነው ለእያንዳንዱ ዝናብ የሚሆን ዘር ያዘጋጁት። "ዘንድሮ ይዘንባል" ብሎ የማለ ሰው ግን ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ይበትናል።

የሳይንሱ ሰዎችም ወደዚሁ ቦታ የደረሱት በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የሚባል አሜሪካዊ የሚቲዎሮሎጂ ተመራማሪ በኮምፒውተር ላይ ቀለል ያለ የአየር ጠባይ ስሌት ይሠራ ነበር። አንዱን ስሌት ከመሃል ጀምሮ መድገም ፈለገና ቀድሞ ከታተመለት ወረቀት ላይ ቁጥሩን አስገባ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው 0.506127 ነው፣ ወረቀቱ ላይ የታተመው 0.506። ልዩነቱ ኢምንት ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ስሌቶች እኩል ሄዱ፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ተለያዩ፣ በመጨረሻ ምንም የማይመሳሰል የአየር ጠባይ አሳዩ። ማሽኑ አልተበላሸም። ችግሩ፣ አየር እንደዚህ ዓይነት ነገር መሆኑ ነው። የዛሬውን ሁኔታ ለመለካት የምታጎድላት ቅንጣት እያደገች ሄዳ ትንበያውን ትውጠዋለች። በየቀበሌው ቴርሞሜትር ብንተክል እንኳ የዛሬ ወር ማክሰኞ ደሴ ላይ ይዘንብ እንደሆነ አናውቅም። የየዕለቱ ትንበያ ወሰኑ ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው ይባላል። ይሄ የመጀመሪያው ዓይነት አለማወቅ ነው፦ ጉብዝና የማይፈታው።

ግን፣ ይሄን ተማሪዎቼ ሲሰሙ ዓይናቸው የሚፈጥበት ቦታ አለ፣ የዛሬ ወር ማክሰኞን ሳናውቅ ስለ መጪው ክረምት በጠቅላላው አንድ ነገር ማለት እንችላለን። እንዴት? ምክንያቱም ውቅያኖስ እንደ አየር አይቸኩልም። የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገቡ አካባቢ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የምንለው ነው፣ ያ ሙቀት ለወራት ይቆያል፣ በእኛም ክረምት ላይ ጫና ያሳድራል። በ2007 ዓ.ም. ያየነው ይሄንኑ ነው። ክረምቱ ተዳከመ፣ ሰሜን ወሎን ጨምሮ ብዙ አካባቢ አዝመራ ከሰረ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። ቅርቡ ሳይታወቅ ሩቁ በከፊል ይታወቃል። የእውቀት ወሰን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ "ነገን ያላወቀ ከርሞን ያውቃል?" ብሎ የሚያፌዝ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

የወቅት ትንበያ ሲወጣ ደግሞ "ይዘንባል" ወይም "አይዘንብም" ብሎ አይወጣም። በሦስት ተከፍሎ ነው የሚወጣው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፤ ለእያንዳንዱም ከመቶ ስንት እንደሆነ ይጻፋል። ለምሳሌ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 እንበል። ያወጡት ባለሙያዎች ልክ እንደ ሸሁ የሚያውቁትን ተናግረው የሚያልቅበትን አመልክተዋል። ከዚያ ወረቀቱ ጉዞ ይጀምራል። ዜናው ላይ "ዝናቡ ያንሳል" ይሆናል፣ ወረዳ ሲደርስ "ዝናብ የለም"፣ ገበያ ላይ "ድርቅ ነው አሉ"። ክረምቱ ጥሩ ሆኖ ከዘነበ "ዋሹን!" ይባላል። ማን ዋሸ? ከመቶ 20 እኮ ባዶ አይደለም። ቁጥሩን የጣልነው በመንገድ ላይ ነው፣ እንደማይጠቅም ነገር። እርግጠኛ ያልሆነን ነገር እርግጠኛ አድርገን እናወራና፣ ሲስት ባለሙያውን እንወቅሳለን፤ በሚቀጥለው ዓመት ጆሮም አንሰጠውም።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለተኛውን ዓይነት ያሳያል፣ ገና ያልተደረሰበትን። ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጡት የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረችው ሰርዶ ፈርሳለች። እዚህ መሬት ላይ መንቀጥቀጥ እንደሚመጣ በደንብ ይታወቃል። ቀኑን ግን እስከዛሬ አስቀድሞ የተናገረ ሳይንስ የለም። ሰው እስካሁን የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ ሩሲያ፣ ኮላ የሚገኘው፣ 12,262 ሜትር ነው፤ እስከ ምድር እምብርት ያለው ደግሞ 6,371 ኪሎ ሜትር። ቆዳዋን ነው የጫርናት። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲናወጥ ግን በስልኬ "ዛሬ ሌሊት በ9 ሰዓት ይመጣል፣ ለወዳጅ አስተላልፉ" የሚል መልእክት ደረሰኝ። በ9 ሰዓት! ደቂቃውን ለምን እንደተውት እንጃ። የሚታወቀው ነገር፣ ማለትም ግንቡ በብረት በደንብ መታሰር እንዳለበት፣ ማንም ለወዳጅ አላስተላለፈውም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው።

ወሎ ውስጥ የ1965 እና የ1966ን ረሃብ ያልሰማ ቤት የለም። ድርቁ እንደገባ ገበሬው ያውቅ ነበር። ከብቱን የሸጠው፣ ደሴ መንገድ ዳር የተኮለኮለው ሰው ያውቅ ነበር። ባለሥልጣናቱም ሪፖርት ይደርሳቸው ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶ አንስተው ሄደው አዲስ አበባ ላይ ለማሳየት ሞክረዋል። ነገሩ ዓለም ፊት የወጣው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። እስከዚያ ድረስ "አናውቅም፣ አልተረጋገጠም፣ ተጋኗል" ነበር መልሱ። ይሄን አለማወቅ ከሎሬንዝ አለማወቅ ጋር አንድ ስም መስጠት ግፍ ነው። አንዱ የተፈጥሮ ወሰን ነው። ሌላው በር ዘግቶ "ጨለማ ነው" ማለት ነው።

የሞተውን ሰው ቁጥር ተመልከቱ። ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ስትሄድ ከአርባ ሺህ እስከ ሁለት መቶ ሺህ ድረስ ይለያያል። ይህን ያህል የሚራራቅ ቁጥር የሚመጣው ሟች መቁጠር ከሰው አእምሮ በላይ ስለሆነ አይደለም፤ የቆጠረ ስላልነበረ ነው። በእኛ ቤት እንኳ እማማ፣ የእናቴ እናት፣ ከወንድሞቻቸውና ከእህቶቻቸው ልጆች በዚያ ዘመን የሞቱትን ስም ሲጠሩ ከታናሽ ወንድማቸው ቆጠራ ጋር አይገጥምም። ሁለት ሕፃናት ላይ ይለያያሉ፤ በ66ቱ ነው በ77ቱ? እማማ "ያንጊዜ ነው" ይላሉ፣ እሳቸው "የለም፣ ኋላ ነው" ይላሉ። የተጻፈ የለም። አሁን ስሞቹን ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው፣ የማይገጥሙትንም ሁለቱን አባባል ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። አንዱን መርጬ ብጽፍ ከእኔ በኋላ የሚያነበው ልጅ የተረጋገጠ ይመስለዋል።

ስለዚሁ ረሃብ ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ሰው "የሚያውቀው" ምክንያት ድርቅ ነው፤ ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ሞተ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት የወሎን ረሃብ መረመረና ያልተጠበቀ ነገር አመለከተ። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በዚያ ልክ አልወደቀም። የደሴ የእህል ዋጋ ረሃብ እንዳለበት ገበያ አልናረም። እንዲያውም በዚያው ወቅት ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን ነበር። እህሉ በአስፋልቱ ያልፋል፣ አስፋልቱ ዳር ሰው ይወድቃል። አዝመራው የከሰረበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር መግዣ አልነበራቸውም፤ መግዣ የሌለው ሰው ደግሞ ዋጋ አያስወድድም። ሌሎች ተመራማሪዎች ሴንን ተከራክረውታል፣ የወሎ ምርት ራሱ ክፉኛ መውደቁ መረሳት የለበትም ብለው። ክርክሩ ይቀጥል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን፣ "ዝናብ ነው" የሚለው መልስ ሙሉ መስሎ ስለታየ ብቻ፣ የገበያውንና የመንገዱን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ለዓመታት ጥቂት መሆኑ ነው። ያወቁ የመሰላቸው ሰዎች አይጠይቁም።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ ሁልጊዜ ይገባብኛል። እሱ በተቃራኒው በኩል ነው። "አየህ! ሳይንቲስቶቹም ትናንት ያሉትን ዛሬ ይሽራሉ፤ ስለዚህ ማን ያውቃል?" ይላል። ይሄ "ማን ያውቃል" ትሕትና ይመስላል። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አድምጡ፦ "እኔ እንኳን የአክስቴ ልጅ የሰጠችኝ ቅጠል..." በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፌጦ፣ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሰማይ የወጣው በዚህ ጨዋታ ነው። ሐኪሙ ሁሉን ስለማያውቅ የእኔ ቅጠልና የሐኪሙ መድኃኒት እኩል ናቸው እንደማለት። የቲቢ መድኃኒት በትክክል ለ6 ወር ከተዋጠ እንደሚያድን እኮ "ማን ያውቃል" የሚባልበት ነገር አይደለም፣ ይታወቃል። በሁለተኛው ወር ሳል ስለቆመለት ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚሆንም ይታወቃል። ስለ ሁሉም ነገር እኩል መጠራጠር ስንፍና ነው፤ የትኛው እንደሚያጠራጥር ለመለየት መድከም ይጠይቃልና።

"ይሽራሉ" የሚለውን ግን ላንሳው፣ ምክንያቱም ጥሩ ምሳሌ ከቤታችን አለ። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፣ ሐዳር። ሐዳር ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። በረሃቡ ማግሥት፣ ንጉሡ ከወረዱ በሦስተኛው ወር፣ በዚያው ክፍለ ሀገር 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ አፅም ወጣ። ከአፅሟ 40 ከመቶ ያህል ተገኝቷል፣ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበርም ከዳሌዋና ከጉልበቷ ታወቀ። ለረጅም ጊዜ ትምህርት ቤት የተማርነው ሥዕል አንድ መስመር ነበር፤ እሷ መጀመሪያ፣ እኛ መጨረሻ።

ከዚያ ሐዳር አቅራቢያ ወራንሶ ሚሌ የሚባለው ቦታ ላይ ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር ማውጣት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረጉት የ3.4 ሚሊዮን ዓመት እግር አውራ ጣቱ እንደ እጅ ጣት የሚይዝ ነው፤ የድንቅነሽ ወገን እግር እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ በእሷ ዘመን ሌላ ዓይነት ፍጥረትም በዚያው አካባቢ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሌሎች አጥንቶች ተነስተው አዲስ ዝርያ ሰየሙ። በ2019 ደግሞ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ሊባል የሚችል የራስ ቅል አሳዩ፣ የድንቅነሽ ዝርያ ቀጥታ አባት ተደርጎ የሚታየው ዝርያ ከልጁ ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ ሳይኖር አልቀረም አሉ። መስመሩ ቁጥቋጦ ሆነ።

ታዲያ ምን ተሻረ? ዕድሜዋ አልተሻረም። በሁለት እግሯ መሄዷ አልተሻረም። የተሻረው በአጥንቶቹ መካከል ያሰመርነው ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ እሱም መጀመሪያውኑ በጥቂት አጥንት ላይ የተሰመረ ነበር። እውቀት ሲታረም ሁሉም አንድ ላይ አይናድም፤ የትኛው ግድግዳ እንደቆመ፣ የትኛው እንደወደቀ መለየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ አንዳንድ ተመራማሪዎች ስብራቶቿን አይተው "ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው" አሉ። ዜናው በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ። ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ራሱ ጭምር "እንዲህ ያለ ስብራት በሌሎች አጥንቶችም ላይ አለ፣ ከሞት በኋላ በአፈር ክብደት የመጣ ነው" ብለው ተቃወሙ። ይሄኛው ዜና አልዞረም። ዛሬም ተማሪዎቼ "ከዛፍ ወድቃ" ብለው ፈተና ላይ ይጽፋሉ፤ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ፣ ግማሹን ለምን እንደከለከልኩ ስነግራቸው ይበሳጩብኛል።

ይሄን ነገር በየቀኑ በሥራው የሚኖረው ደግሞ ላሊበላ የሚያስጎበኝ ዘመዴ ነው። ድሮ ሥራ ሲጀምር እንደማንኛውም አስጎብኚ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይለው ነበር፣ 11 አብያተ ክርስቲያናት፣ አንድ ንጉሥ፣ ይሄን ያህል ዓመት፣ አለቀ። አሁን በየተራው ለይቶ ነው የሚናገረው። አባቶች የሚሉት፣ ንጉሡ ቀን ከሰዎች ጋር፣ ሌሊት መላእክት እያገዙት እንደፈለፈለው ነው፤ ይህን ሲናገር ድምፁን አያቀልም፣ የሚያምነው ነውና። አርኪዮሎጂስቶች የሚሉት፣ ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ እንደነገሠና ሥራው ግን በአንድ ጊዜ ብቻ የተከናወነ እንደማይመስል ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰን የሚባለው እንግሊዛዊ እነ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በመጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት፣ ከንጉሡ ብዙ ዘመን በፊት ሳይፈለፈሉ አልቀሩም ይላል። ከዚያ ደግሞ ማንም ያልጨረሰው አለ። ይሄን ሲያስረዳ ደስ ይለኛል፦ ግንብ ስትሠራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ትጨምራለህ፣ የታችኛው የድሮ ነው ትላለህ። ፍልፍል ላይ ግን የምትሠራው እየቀነስክ ነው። አዲሱ ፈልፋይ የቀድሞውን ሥራ ጠርቦ ይጥለዋል፣ ማስረጃውም ከፍርስራሹ ጋር ይሄዳል። የድንጋዩ ዕድሜ ቢለካ የተራራው ዕድሜ ነው የሚነግርህ፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ ማን ይለካዋል?

ባለፈው የመጣለት ጎብኚ ሦስቱንም ሰምቶ "እሺ፣ ታዲያ የትኛው ነው ትክክል?" አለው። ዘመዴም "አንዱ የእምነቴ ነው፣ አንዱ የምርምር ነው፣ ሦስተኛውን የሚያውቅ ካገኘህ ለእኔም አስተዋውቀኝ" አለው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። ከኮሮናውና ከጦርነቱ በኋላ እንግዳው ሳስቷል፣ እያንዳንዱ ሰው ይቆጠራል። "በፊት ሁሉንም አውቅ በነበረ ጊዜ ቲፑ ይሻል ነበር" እያለ ይስቃል።